የሽኮኮዋ አንድ የኋላ እግር

ወተት ነበር።

ዳርቺንጊ መጀመሪያ ውሃ መስሏት አውራ ጣቷን በሽርጧ ጠረገች። የሽኮኮዋን ሆድ እንደገና ጫን ስትለው ግን እንደገና ነጭ ነገር ጠብ አለ። ቢላዋውን ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። በትዳር ዘመኗ ሙሉ ባሏ አድኖ ያመጣውን ስንቱን ገፍፋለች፤ አጋዘን፣ የዱር አሳማ፣ በራሪ ሽኮኮም ቢሆን። የእናት ወተት በእጇ ላይ ሲፈስ ግን አይታ አታውቅም።

"የዞቫ አባት!" ብላ ተጣራች።

"ሻይ እየጠጣሁ ነው!"

"ሻይህን ተወውና ና።"

ሮኪማ ኩባያውን እንደያዘ ወደ ጓሮ ወጣ። እሷ ጣቷን አሳየችው። ጣቷን አየ፤ ሽኮኮዋን አየ፤ ተመልሶ ጣቷን አየ። ኩባያው አዘንብሎ ትኩሱ ሻይ እግሩ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አልተሰማውም።

"የምታጠባ ነበረች" አለች።

"አየሁ።"

"አሁን ነው ያየኸው። ትናንትና የት ነበር ዓይንህ?"

ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ከጓደኛው ከቻልቢያካ ጋር ከትልቁ የዱር በለስ ሥር ቆመው ነበር። ሽኮኮዋ ከግንዱ ቀዳዳ አፍ ላይ ብቅ ብላ ዙሪያዋን ስትቃኝ ቻልቢያካ ክንዱን ያዝ አድርጎ፣ "ቆይ እስቲ፣ ትውጣ" ብሎት ነበር። እሱ ግን አልቆየም። አባቱ በልጅነቱ፣ "በለስ በሚያፈራበት ወር ሽኮኮ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ስትቆም ካየህ አፈሙዝህን ወደ መሬት አድርግ፤ ከኋላዋ የሚጠብቃት ይኖራል" ይለው ነበር። ያን ቃል ሙሉ ዕድሜውን ጠብቆት ኖሮ ትናንት አንዲት ቅጽበት ቸኮለና ረሳው።

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቆንጨራውንና አንድ እቅፍ የቀርከሃ ችንካር አንስቶ ቁርስ ሳይቀምስ ወጣ።

መንገድ ላይ ቻልቢያካ አገኘው። ትላንግዛር በኮረብታ ጫፍ ላይ በአንድ መስመር የተደረደረች መንደር ስለሆነች ሰው ሳያይህ የትም አትሄድም።

"ወዴት ነው በጠዋቱ? ማር ልትቆርጥ?"

"ያቺ ትናንት የገደልኳት እናት ነበረች።"

የቻልቢያካ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይጠይቅ ተከተለው።

የዱር በለሱን ግንድ የሁለት ሰው እቅፍ አይበቃውም። ሮኪማ ችንካር በችንካር እየመታ፣ አንዱን እየረገጠ ሌላውን እየጨበጠ ወጣ። ቻልቢያካ ከታች አንጋጦ ቆሞ አፉ አላረፈም።

"የልጅ ልጅ ሊያይ የደረሰ ሰው ዛፍ ላይ! ስማ፣ ብትወድቅ መቃብርህን የምቆፍረው እኔ ነኝ፤ ወገቤን ደግሞ ያመኛል። እዘንልኝ!"

"ዝም በል፣ አታስቀኝ። እወድቃለሁ።"

"እሺ ዝም አልኩ። ግራ እግርህን ግን ወደ ቀኝ አድርገው።"

ሮኪማ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ዋጠና እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። ደረቅ ቅጠል፤ የተነጨ ጠጉር፤ ቅዝቃዜ። ዘግይቻለሁ ብሎ እጁን ሊያወጣ ሲል አንድ ቀጭን ነገር ጣቱን ያዘው። እንደ ሰው ልጅ ነው የያዘው፤ ጥብቅ አድርጎ። ሮኪማ ያንን ዛፍ አቅፎ፣ ፊቱን በልጡ ላይ ለጥፎ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከታች ቻልቢያካ፣ "ምን ሆንክ? ነከሰህ?" ይላል።

ግልገሏን በሸሚዙ ውስጥ አድርጎ አወረዳት። ሴት ናት። መዳፍ የምትሞላ፣ ዓይኗ ገና መገለጡ፤ ከእጇ እስከ እግሯ የተዘረጋው የመብረሪያ ቆዳዋ ተሸብሽቦ የታላቅ ወንድሟን ካፖርት የለበሰች ሕፃን ትመስላለች።

ቻልቢያካ ጎንበስ ብሎ አያትና ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ድርሻዬን እንዳትረሳ። ትናንት አብሬህ ነበርኩ።"

በእኛ አገር ተኳሹ አጠገብ የቆመ ሰው አንድ የኋላ እግር ይደርሰዋል። ይህን ድርሻ የሚክድ አዳኝ ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው የሚያድነው።

"እግሯ እቤት አለልህ" አለ ሮኪማ።

"የእናቲቱን? ወተት ያለበት ሥጋ በጉሮሮዬ አይወርድም። የዚችን ነው የምፈልገው። አሁን ግን የክብሪት እንጨት ታህላለች፤ ምን ትሆነኛለች! አሳድግልኝና እወስዳለሁ።"

እናቲቱን ከጓሮ ቀበሯት። በትላንግዛር ሥጋ ሲቀበር ይህ የመጀመሪያው ነበርና ወሬው ከምሳ በፊት የመንደሩን ሁለት ጫፍ ነካ። የዚያን ዕለት ማታ በቤት ጸሎት ላይ ሮኪማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህች ፍጥረት በገዛ ቆዳዋ እስክትበር ድረስ ጠመንጃዬን አልነካም" አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ደነገጠ፤ አድኖ ከመብላት ሌላ ምን ያውቃል? ዳርቺንጊ ግን ሳይመልሰው ቶሎ ብላ፣ "አሜን!" አለች።

ችግሩ እንዴት እንደምታድግ ሁለቱም አለማወቃቸው ነበር። ዳርቺንጊ ልጇን ዞቫን እናቷ እሷን ባሳደገቻት መንገድ፣ ሩዝ አላምጣ በጣቷ ጫፍ እያጎረሰች ነው ያሳደገችው፤ ዛሬ አይዞል ከተማ ሥራ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ሩዝ አድቅቃ አላምጣ ለሽኮኮዋም አጎረሰቻት። ሽኮኮዋ ዋጠች፤ ዳርቺንጊም ደስ አላት። በማግሥቱ የትንሿ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተጥሎ አገኟት።

"ገደልኳት" አለች ዳርቺንጊ። "እናቷን አንተ፣ እሷን እኔ። ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ?"

ሮኪማ ደግነት እንዲህ በአንድ ሌሊት ይገድላል ብሎ አስቦ አያውቅም። ዳርቺንጊ ግን እያለቀሰችም እጇ አላረፈም፤ ጨርቅ በሞቀ ውሃ እየነከረች፣ ሆዷን ከላይ ወደ ታች እየዳበሰች ግማሽ ቀን ተቀመጠች። እናት ሽኮኮ በምላሷ የምታደርገውን መሆኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ትንሿ ሽርጧን አራሰችባት። ዳርቺንጊ በሕይወቷ በእንዲህ ያለ ነገር ለፈጣሪ ምስጋና አቅርባ አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አቀረበች። ለቤተ ክርስቲያን ከየምግቡ ከምታስቀምጠው እፍኝ ሩዝ ላይ ሌላ እፍኝ ጨመረች። ከዚያ ወዲያ የዱቄት ወተት አቅጥነው፣ በንጹሕ ጥጥ እየነከሩ፣ ጠብታ በጠብታ ሆነ። ስሟንም ማልሶሚ አሏት፤ በእኛ ቋንቋ የተባረከች ማለት ነው።

ቀን ቀን ሙቀት ስለሚያስፈልጋት ሮኪማ ሴቶች ልጅ በሚያዝሉበት ጨርቅ ደረቱ ላይ አስሮ ይዟት ይዞር ጀመር። ያ የነብር ዱካ በጨለማ የሚለይ አዳኝ! የሚያየው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አስቁመውት በቁም ነገር፣ "ሮኪማ፣ ጥምቀቷ መቼ ነው?" አሉት። ቻልቢያካማ በየማታው እየመጣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና ማልሶሚን አንስቶ የኋላ እግሯን በጣቱ ይለካል።

"አልወፈረችም። ወተት ትሰርቃላችሁ?"

"ሂድና ከሚስትህ ዘንድ ብላ" ትለዋለች ዳርቺንጊ።

"ሲያምኩንጊማ አትክልት ነው የምታበላኝ። የኔ ተስፋ ይቺ እግር ናት።"

ይህን እያለ ግን ከኪሱ ለጋ የበለስ ቅጠል አውጥቶ ያጎርሳታል። ጥርሷ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጠል የበላችው ከእሱ እጅ ነው፤ ከሮኪማ አይደለም። ሮኪማ በዚህ ትንሽ ቀንቶ ነበር።

እያደገች ስትሄድ በጨርቅ መታዘል እምቢ አለች። ቀን ስለምትተኛ ሮኪማ ክዳን ያለው ቅርጫት ሠራላትና ከምድጃው በላይ፣ የሚጨስ ሥጋ ከሚደረደርበት ቆጥ ዳር አስቀመጠው። እዚያው ካለው የሥጋ ቅርጫት ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ሁለቱንም በገዛ እጁ ነው የሠራቸው።

ዳርቺንጊ አንጋጣ አየችና፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። አንተ ደግሞ የብብትህን ቆጥ ላይ ሰቀልክ" አለችው።

"እዚያ ይሞቃታል። ድመትም አይደርስባትም።"

"ሰውስ?"

"ሰው ምን ያደርጋታል!"

ለሩዝ እርሻ የተመነጠረው ማሳ በሚቃጠልበት ሰሞን አንድ ጠዋት ቻልቢያካ የታሰረ እንጨት ከትከሻው አውርዶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ሲያምኩንጊ ሻይ ይዛለት ስትወጣ እንደተቀመጠ ነበር። ጠራችው። ነካችው። ሻዩ በእጇ እንዳለ ቀረ።

ሮኪማ ሲነገረው አላመነም። "ማታ እኮ እዚህ ነበር" አለ። ደጋግሞ እንደዚያው አለ፤ ማታ እዚህ የነበረ ሰው ጠዋት ሊሞት የማይችል ይመስል። ዳርቺንጊ ወደ ሐዘን ቤት ሮጠች። መቃብር መቆፈር በእኛ ዘንድ የወጣቶች ሥራ ነው፤ ሮኪማ ግን አካፋ ተቀብሎ ጉድጓድ ገባ። "ተው፣ አባት" ሲሉት፣ "ተነጋግረን ነበር" አላቸው። ምን እንደተነጋገሩ የጠየቀው የለም። ወገቡን ያመው ነበር፤ የጓደኛውን ሕመም የወረሰ መሰለው።

በሐዘን ቀን መንደሩ ሁሉ ያለውን ያዋጣል፤ የበር መቀርቀሪያም የለንም። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች በመቃብሩ በኩል ሲያልፉ አንዷ ድምፅ አሰማች።

"የዞቫ አባት፣ ለቆፋሪዎቹ ወጥ እየተሠራ ነው። ከቤታችሁ ምን እንውሰድ?"

ሮኪማ ቀና አላለም። "ቆጡ ላይ ቅርጫት አለ። ውሰዱት።"

አፈሩን አወጣ። ደግሞ አወጣ። ሐሳቡ ሁሉ ከቻልቢያካ ጋር ነበር፤ ግራ እግርህን ወደ ቀኝ አድርገው እያለ ከላይ የሚጣራ ይመስለው ነበር። ጉድጓዱ ትከሻው ሲደርስ ወጥቶ እንዲያርፍ እጁን ይዘው ጎተቱት። እነዚያ ሴቶች ሲመለሱ ያገኙት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ ነው።

"እግዚአብሔር ይስጥህ" አለች አንዷ። "ቅርጫቱ ሁለት ነበር። ሁለቱንም ወሰድን።"

"አንደኛው ግን ቀለል ይል ነበር" አለች ሌላዋ።

ሮኪማ ውሃውን አልዋጠውም። ከአፉ ወርዶ ደረቱን አራሰው። ከዚያ እንደ ተኮሱበት ተስፈንጥሮ ተነሣና ቁልቁል ሮጠ። ያን ያህል ዕድሜ ያለው ሰው፣ አፈር ለብሶ፣ በሐዘን ቀን መንደር ውስጥ ሲሮጥ ያዩ ሁሉ ሌላ ሰው የሞተ መሰላቸው።

ከሐዘን ቤቱ ጓሮ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። ከድስቱ አጠገብ ሁለት ቅርጫት፣ ሁለቱም ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ሁለቱም ባዶ። ሮኪማ ማንንም ሳያናግር ከአንዲቱ ሴት እጅ ጭልፋውን ነጠቀና ድስቱን ከሥሩ እያማሰለ ማውጣት ጀመረ። ሥጋ። ሥጋ። አጥንት።

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ቆሙ።

"በስመ አብ! ጓደኛው ሳይቀበር ወጥ ይቆነጥራል?"

"ተዪው፤ ድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ ይርበዋል።"

"በሁለተኛው ቅርጫት የነበረችው የት አለች?" አለ ሮኪማ። ደግሞ አለው። "የት አለች?"

ጭልፋ የተነጠቀችው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እሱን አትጠይቀኝ! ክዳኑን ብድግ ሳደርገው አንድ ነገር ፊቴን ረግጦ አለፈ። ሰይጣን ነው ብዬ መጮህ ፈራሁ፤ አስከሬን አለ። ምንድነው የምታጨሱት እናንተ?" አለች።

ሮኪማ ጭልፋውን እንደያዘ ምድር ላይ ቁጭ አለ። በሕይወት አለች። ግን የት? ደጁ ሁሉ ውሻ ነው። በዚህ መካከል ዳርቺንጊ በጓዳ በር ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። በጣቷ ጠራችው።

ውስጥ ወጣቶች በለሰለሰ ከበሮ ይዘምራሉ። ቻልቢያካ የወለል ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ሲያምኩንጊ ከራስጌው ተቀምጣለች፤ ከጠዋት ጀምራ አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም፣ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ሴቶቹ ስለ እርሷ ፈርተው ነበር። አሁን ግን ከተከናነበችው ኩታ ሥር፣ ከአንገቷ በኩል፣ አንድ ረጅም ቀይ ጭራ ተንጠልጥሎ ይታያል። ዘማሪዎቹ ይህን እያዩ ዜማው በየመሐሉ ይሰበርባቸዋል።

ሮኪማ ተንበርክኮ እጁን ዘረጋ።

"አትንኳት" አለች ሲያምኩንጊ። ቀኑን ሙሉ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ዝማሬው ቆመ። ሁለት እጇን ኩታዋ ላይ አድርጋ፣ "ትሞቃለች" አለች፤ "እሱ እኮ ቀዝቅዟል" አለች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። ማልሶሚ ከደረቷ ላይ ተጠቅልላ፣ ልቅሶው እያንቀሳቀሳት፣ ተኝታ ነበር።

ሐዘንተኛ የያዘችውን ማን ይቀማል? ማልሶሚ እዚያው ቀረች።

ቻልቢያካ ከተቀበረ በኋላ ሮኪማ በየማታው ወተትና ቅጠል ይዞ ሲያምኩንጊ ዘንድ ይሄዳል። ማልሶሚ ከምሰሶ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሲያምኩንጊ ትከሻ ቆዳዋን ዘርግታ ትንሳፈፋለች። መብረር ጀምራለች፤ ግን ከጣሪያ በታች። ዝናቡ ደግሞ እየቀረበ ነው። ከዝናቡ በፊት ዛፍ ካልለመደች፣ ቀዳዳ መፈለግ ካላወቀች፣ የመጀመሪያው ወጀብ ይገድላታል፤ ወይም ዕድሜዋን ሙሉ የቤት ድመት ሆና ትቀራለች። ሮኪማ ይህን እያወቀ ሻይ ጠጥቶ፣ "ደህና እደሩ" ብሎ ይመለሳል።

"ንገራት" ትለዋለች ዳርቺንጊ።

"ምን ልበላት? ‘ባልሽን ቀበርኩልሽ፣ አሁን ደግሞ ሙቀትሽን መልሺልኝ’ ልበላት?"

"ታዲያ ትሙት?"

"እኔ እናቷን ገድያለሁ። ሲያምኩንጊን ደግሞ አልገድልም።"

ሌላ የሚነግረው ሰው ስላልነበረው ጸለየ። ምን ብሎ እንደሚጸልይ እንኳ አላወቀም፤ "አንተ ታውቃለህ" ብቻ ይላል።

ደመናው ከኮረብታው በታች መከማቸት በጀመረበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሲያምኩንጊ ራሷ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ከቤቷ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ኩታዋ ደረቷ ላይ ጉብ ብሏል። ዳርቺንጊ መቀመጫ አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም።

"የዞቫ አባት፣ የባሌን ድርሻ ልጠይቅ መጥቻለሁ" አለች።

ሮኪማ ብድግ አለ።

"ያን ቀን አብሮህ ነበር። አንድ የኋላ እግር አለው። ትክዳለህ?"

ዳርቺንጊ በእጇ የያዘችውን ሰሐን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሰው በሐዘን ብዛት አእምሮው ይዞራል ሲባል ሰምታለች። የሮኪማ ዓይን ቆጡ ላይ ወደተሰካው ቢላዋ ሄዶ ቶሎ ተመለሰ።

"አልክድም" አለ። "ድርሻው ነው።"

"ጥሩ። እንግዲህ አንዱ እግር የኔ ነው፣ የቀረው ያንተ። እኔ የኔን እግር ወደ ዛፉ ልወስደው ነው።" ኩታዋን ገለጥ አድርጋ አየች። "ያንተን ከቤት ማስቀረት ከቻልክ አስቀር።"

ዳርቺንጊ ሰሐኗን አስቀምጣ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አይታወቅም ነበር።

"በየማታው ቅጠል ይዘህ ስትመጣ" አለች ሲያምኩንጊ፣ "አንዴ እንኳ መልሺ ሳትለኝ ትሄዳለህ። ቻልቢያካ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቀኝ ነበር። ጓደኛህ አፉ ክፉ ነበር፤ አንተ ደግሞ አፍ የለህም።"

ሦስቱም ወደ ዱር በለሱ ሄዱ። ችንካሮቹ ግንዱ ላይ እንደተመቱ ነበሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲያምኩንጊ ማልሶሚን ከኩታዋ አውጥታ ልጡ ላይ አስቀመጠቻት። ማልሶሚ ጥቂት አመነታች፤ ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ግንዱን ተያይዛ ወጣች፤ የእናቷን ቀዳዳ አልፋ፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ እስክትሆን።

ሮኪማ በሕይወቱ ስንቷን ሽኮኮ እዚያ ጫፍ ላይ አይቷል፤ ሁሉንም ግን በጠመንጃ ማነጣጠሪያ በኩል ነው ያያቸው። ትከሻው በልማድ ወደ ላይ ተነሣ፤ እጁ ባዶ መሆኑን ሲያውቅ ወረደ።

ዘለለች። ቆዳዋ ተዘረጋ። ያ ሰፊ ካፖርት ልኳ ሆኗል። ሸለቆውን በአንድ ረጅም፣ ድምፅ የሌለው መስመር ቆርጣ፣ ከወዲያኛው ኮረብታ ካለ ዛፍ ላይ ለጠፍ አለች። ሮኪማ በራሪ ሽኮኮ የት እንደምታርፍ እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም፤ ከዚያ በፊት ይተኩስ ነበር።

"ተመስገን" አለች ዳርቺንጊ በሹክሹክታ።

ሲያምኩንጊ ዓይኗን ከዛፉ አልነቀለችም።

"ስትዘል እግሯን አየኸው? የኋላውን?"

"አየሁት።"

"ወፍሯል?"

ሮኪማ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። "በደንብ ወፍሯል" አለ።

"እንግዲህ አትርሳ" አለች ኩታዋን እያጣፋች። "ያ የኛ ነው።"